በዲስፔስ 7 «ሥነ ጽሑፍ» ተብሎ ሲፈለግ «ስነ ጽሁፍ» አልመጣ ላላችሁ

የቤተ መጻሕፍታችን ዲጂታል ሪፖዚተሪ (የጽሑፎች ማከማቻ) በዲስፔስ 7 ሶፍትዌር ነው የሚሠራው። ተማሪ «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ ሲፈልግ «ስነ ጽሁፍ» ተብለው የተመዘገቡት የመመረቂያ ጽሑፎች አይመጡም። ያለው ሥራ የሌለ ይመስላል፤ ይሄ ያሳዝናል።

መጀመሪያ ኢንዴክሱን፣ ማለትም ፍለጋው የሚያየውን የቃላት ማውጫ፣ እንደ አዲስ ገነባነው። ለውጥ የለም። ቀጥሎ በየመዝገቡ አማራጭ ርዕስ መጨመር ጀመርን። ርዕሱ ይገኛል፤ የፒዲኤፉ ውስጥ ግን ያው ነው። አድካሚነቱም ሌላ ጣጣ።

መፍትሔው የተገኘው ዲስፔስ ለፍለጋ የሚጠቀምበት ሶልር የሚባለው ሶፍትዌር ላይ ነው። «ማፒንግ ቻር ፊልተር» የሚባል ማጣሪያ አለው፤ ጽሑፉ በቃላት ከመከፋፈሉ በፊት ፊደል ይተካል። በዩቲኤፍ-8 የመተኪያ ፋይል አዘጋጀን፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው መጻፍ አለበት። ሃ፣ ሓ እና ኃም ወደ ሀ፣ ኣ እና ዓም ወደ አ ይግቡ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እነዚህን ነው።

ማጣሪያውን በሰርች ኮሩ (የሶልር የፍለጋ ክፍል) የስኪማ ፋይል ውስጥ፣ ማለትም የኢንዴክሱ አሠራር በሚወሰንበት ፋይል፣ ከቶክናይዘሩ (ጽሑፉን በቃላት ከሚከፋፍለው) በላይ አስገቡት፣ በኢንዴክሱም በጥያቄውም በኩል። በአንዱ በኩል ብቻ ከገባ ፍለጋው ይብስበታል። ከዚያ ሶልርን አጥፍቶ ማስነሳት፣ ቀጥሎ ኢንዴክሱን እንደ አዲስ እንዲገነባ የኢንዴክስ-ዲስከቨሪ ትዕዛዝን በ«-ቢ» (index-discovery -b) ማስኬድ።

የሚለወጠው ኢንዴክሱ ብቻ ነው። ስክሪን ላይ ርዕሱ ባለቤቱ እንደጻፈው ይታያል።