ጥምቀት ሲደርስ ለምትመጡ ደንበኞቼ

ባለፈው ጥር 8 አንዲት ልጅ ሱቄ ገባች። ስልኳን ዘረጋችልኝ። የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ነው፤ ከደረቱ እስከ እግሩ ጥበብ የወረደበት። «ለጥምቀት ይደርስልኛል አይደል?» አለችኝ። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ሳቄ አመለጠኝ መሰለኝ፣ ተቀየመች። «እኔ እኮ የእጅ ሥራ ልደግፍ ብዬ ነው፤ ሽፎኑማ የትም ሞልቷል» ብላኝ ወጣች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሽፎን ቀሚስ በፌስታል ይዛ በደጄ ስታልፍ አየኋት።

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፖስታ ቤት ሲወረድ፣ ቸርችል ላይ፣ የባህል ልብስ ስሸጥ 16 ዓመቴ ነው። የማሠራው ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች ነው። «ባለእጅን ልደግፍ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ደስም ይለኛል። ግን እነዚያኑ ስህተቶች ማየት ሰልችቶኛል።

አጣድፎ ማዘዝ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ሸማኔ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። በዚህ ተረት የተነሳ ከገና ማግስት ጀምሮ ስልኬ አያርፍም።

እስቲ አንዴ ሽመና ቤት ገብታችሁ እዩ። መጀመሪያ ክሩ ይዳወራል፤ ድሩ፣ ማለትም በቁመት የሚዘረጋው ክር፣ ይደራል። ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰዳል። በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ ማጉን፣ ማለትም በአግድም የሚገባውን ክር፣ የያዘውን መወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ ይልካል፣ ይመታል፣ ይመልሳል። ይሄ ጥለት የሌለበት ሜዳው ላይ ነው። ጥበቡ ጋ ሲደርስ መወርወሪያው ይቆምና ጣት ይጀምራል። የድሩን ክር እየቆጠረ ቀለሙን በጣቱ ያስገባል። አንድ ክር ከሳተ የዳይመንድ ጥለቱ ይጣመማል፤ ፈትቶ እንደገና ነው። ጥበቡ ሰፊ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ውሎ ስንዝር የማይሞላበት ጊዜ አለ።

እና እናንተ «ሁለት ሰው ተቀምጦ ቢሠራውስ?» ትሉኛላችሁ። አንድ ጉድጓድ ላይ? እንዴት አድርጎ?

ለጥምቀት የሚሆን ሰፊ ጥበብ ከፈለጋችሁ ጥቅምት ላይ ኑ። ለእንቁጣጣሽ ሰኔ ሳይወጣ። ለሠርግ ደግሞ ቀኑ እንደተቆረጠ፣ አዳራሽ ከመያዛችሁ በፊት ብትመጡም አልስቅም።

ዋጋ እስኪደማ መከራከር

ይሄን ስህተት ራሴ ሠርቻለሁ። ሱቁን በከፈትኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ቤተሰብ ለሽማግሌዎች የሚሰጥ 20 ጋቢ አዘዘኝ። የማሠራቸው ሸማኔ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ዋጋ ነገሩኝ። እኔም ነጋዴነቴን ላሳይ ብዬ ከእያንዳንዱ ጋቢ ላይ አስቀነስኳቸው። «እሺ፣ ምን ችግር አለው» አሉኝ። በጣም ቶሎ እሺ ማለታቸው ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ጋቢዎቹ በቀናቸው መጡ። ነጭ፣ የተቋጩ፣ ታጥፈው ሲታዩ የሚያምሩ። አንዱን አንስቼ መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። በአራቱም እጥፍ ውስጥ አልፌ የመስኮቱን ብረት አንድ በአንድ ቆጠርኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?» አልኳቸው።

«ዋጋውን ስትቀንሺ እኔ ከምኑ ልቀንስ? ድሩ አንዴ ከተደራ አይነካም። የሚቀነሰው ከማጉ ነው።»

አንጀቴ ተቃጠለ፣ ግን መልስ አልነበረኝም። ማግ ሲሳሳና መምቻው ላላ ሲል ሽመናው ቶሎ ያልቃል፤ ሰውዬውም ተጨማሪ ጋቢ ለመሥራት ጊዜ ያገኛሉ። እኔ ያስቀነስኩትን ብር እሳቸው በክር መለሱት። ለቤተሰቡ ገንዘቡን መልሼ ጋቢዎቹን ለዓመታት በየአንዱ እየሸጥኩ ጨረስኳቸው።

ስለዚህ ስትገዙ ልብሱን ወደ ብርሃን አንሱት። ዋጋ አትጠይቁ አላልኩም፤ እኔም ነጋዴ ነኝ፣ ትንሽ እቀንሳለሁ። ግን ዋጋው ከገበያው በጣም ሲወርድ ማን እንደሠራው ጠይቁ። «አዲስ አበባ ትማራለህ» ተብለው ከጋሞ አካባቢ መጥተው ትምህርት ቤት በመሄድ ፈንታ ጉድጓድ ላይ የተቀመጡ ልጆች እንዳሉ በዚህ ሥራ ያለን ሰዎች እናውቃለን። የልጅ ጉልበት ርካሽ ነው።

መሀሉ ላይ ስፌት አለ ብሎ መመለስ

ስፌቱ ጉድለት አይደለም። መወርወሪያው በእጅ ስለሚላክ ጨርቁ የሸማኔው እጅ ከሚደርስበት በላይ አይሰፋም። ሰፊ እንዲሆን ይጋጠማል። ጨረስኩ።

«መቶ በመቶ የእጅ ነው?» ብሎ ማፋጠጥ

አንዳንዱ ይሄን ጥያቄ ይዞ የሚመጣው እንደ ፖሊስ ነው። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ጠንካራና እኩል ስለሆነ። ማጉ ነው የእጅ ፈትል የሚሆነው። «ሁሉም የእጅ ፈትል ነው» ብሎ የሚምልላችሁ ሻጭ ካለ እኔ ብሆን ቀስ ብዬ እወጣለሁ።

ይልቅ ስለ ፈትሉ ከተነሳ ፈታዮቹን ማንም አይጠይቅም። ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት የሚያከሩት ሴቶች ናቸው። ለአንድ ጋቢ ከሽመናው ይልቅ ጊዜ የሚበላው ፈትሉ ነው። ሱቅ ውስጥ ግን ስለ ሸማኔው ብቻ ነው የሚወራው። እኔም አወራለሁ፤ ይሄንን ስጽፍም መጀመሪያ የጠቀስኩት ሸማኔዎቹን ነው።

ሳይገለብጡ መግዛት

የታተመ ጥበብ ጀርባው ይገረጣል። የተሸመነ ጥበብ ክሩ ከኋላም ይታያል፣ በጣት ሲዳሰስም ይነሳል። ገልብጡት። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ።

ፎቶ አንስቶ መሄድ

«ለእህቴ ላሳያት» ይባላል። ከወር በኋላ ያው ጥለት ታትሞ በጣቃ ይመጣል። ሸማኔው ያንን ቀለም ለማግባባት ስንት ቀን እንደፈጀ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ግድግዳው ላይ «ፎቶ ክልክል ነው» ብዬ ለጥፌያለሁ። ሰው ከነማስታወቂያው ያነሳዋል።

«አንተ» ማለት

ሽበት ያለውን ሸማኔ «አንተ፣ ይሄን አጥብቀው» ይሉታል፤ ያውም «ልደግፍ» ብለው የመጡት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው እየጠራህ አትስደብ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ሐውልታቸው ከዚህ ሽቅብ፣ ፒያሳ ጊዮርጊስ ጋ ቆሟል። ስትመለሱ በዚያ በኩል እለፉ።

ቀብድ አለመክፈል

ክር በዱቤ አይገኝም። ግማሹን በቴሌብር ላኩ፣ ከዚያ ጠብቁ።

አዝኖ መግዛት

ይሄኛው ልብ የሚሰብር ነው፣ ምክንያቱም የሚሠሩት ደግ ሰዎች ናቸው። ቀለሙን አልወደዱትም፣ ልኩም አይደለም። ግን «እስቲ ላግዛቸው» ብለው ይገዛሉ። ልብሱ ሳጥን ይገባል፤ እነሱም አይመለሱም። ሸማኔው ደግሞ ያ ቀለም የተወደደ መስሎት አምስት ይጨምራል። እኔ ጋ እስካሁን የተደረደረ ብርቱካናማ ስካርፍ አለ፤ መነሻው የአንዲት ደግ ሴት ሐዘኔታ ነው። ካልወደዳችሁት አልወደድኩትም በሉ። «ጥበቡ ይጥበብ፣ አረንጓዴው ይደብዝዝ» በሉና የምትለብሱትን አሠሩ።

ያቺ የሽፎን ልጅ በቀደም ተመልሳ መጣች። ሰኔ ላይ፣ ለጥምቀት ልታዝ። ሽፎኑ ከታቦቱ ሳትመለስ ጎኑ ላይ እንደተተረተረ ነገረችኝ፤ ተረቱን አላነሳሁባትም። ቀብዷን ከፈለች። ቀለሙን እስካሁን ሁለቴ ቀይራለች። ድሩ ገና ስላልተደራ ዝም ብያለሁ።