ከመሰካትዎ በፊት ዋቱን ለ220 ያካፍሉ

በደሴ ብርድ ማለዳ የውኃ ማፍያውንና የክፍል ማሞቂያውን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ፣ ሶኬቱ ሲግልና ፕላስቲኩ ሲሸት የሚደነግጥ ሰው ጥቂት አይደለም። መፍትሔው በዕቃው ሥር ወይም ጀርባ የተጻፈውን ዋት ለ220፣ ማለትም ለቤቱ መስመር ቮልት፣ ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ቁጥር ዕቃው የሚስበው ኮረንቲ በአምፔር ነው። 2,000 ዋት የሚል ማፍያ 9 አምፔር፣ 1,500 ዋት የሚል ማሞቂያ ደግሞ 7 አምፔር ያህል ስለሚስቡ፣ 10 አምፔር የተጻፈበት ማከፋፈያ ሁለቱን በተራ እንጂ በአንድነት አይችላቸውም። የስልክ ቻርጀር እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ መቁጠርም አያስፈልግም።

ይህ የሚሆነው በማከፋፈያው ላይ የተሰካው ዕቃ ሁሉ ያንኑ 220 ቮልት እያገኘ የየራሱን ኮረንቲ ስለሚስብና ድምሩ በአንዱ ገመድ ውስጥ ስለሚያልፍ ነው። በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከኮረንቲው ጋር እኩል አያድግም፤ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ይሠራበት።

ስሌቱ ለፍሪጅ ብቻውን አይበቃም፤ ሞተሩ ሲነሳ ለአፍታ ከተጻፈው ብዙ እጥፍ ይስባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን የራሱ መስመር እንጂ ማከፋፈያ አይገባውም።