አክታው ፖዘቲቭ፣ ጂንኤክስፐርቱ ኔጌቲቭ ሲሆን፦ ቲቢን ከዘመዶቹ ለመለየት

በማይክሮስኮፕ የተደረገ የአክታ ምርመራ «ፖዘቲቭ» ሲል የሚነግረን ብዙዎቻችን ከምንገምተው ያነሰ ነው። በዚል ኒልሰን ዘዴ በተቀለመ ስላይድ ላይ ቀይ ሆነው የሚታዩት ቀጫጭን ዘንጎች ቲቢ አምጪው ባክቴሪያ የሚገኝበት የማይኮባክቴሪየም ወገን መሆናቸውን እንጂ ቲቢ መሆናቸውን አያረጋግጡም፤ በውኃና በአፈር ውስጥ የሚኖሩት ዘመዶቹም በዚያው ቀለም ይቀላሉና። ቲቢ በተስፋፋባት አገራችን ፖዘቲቭ ስላይድ በአብዛኛው ቲቢ መሆኑ አይካድም፤ ይህ መመሪያ የተጻፈው ለቀሩት ታካሚዎች ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ጂንኤክስፐርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የተቀበለው ይህ ምርመራ በ2 ሰዓት ገደማ የቲቢን ዘረ መል ፈልጎ ከዋናዎቹ የቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ሪፋምፒሲንን መቋቋም አለመቋቋሙንም ያሳያል። ስላይዱ ፖዘቲቭ ሆኖ ጂንኤክስፐርቱ ቲቢ አላገኘሁም ካለ አስቀድሞ የናሙናው መለያ ቁጥር የዚያው ታካሚ መሆኑ ይጣራ፤ ቀጥሎም አዲስ አክታ ተወስዶ ሁለቱም ምርመራዎች ይደገሙ። (መሣሪያው «ኤረር» ወይም «ኢንቫሊድ» ሲል ውጤት አልሰጠም ማለት ነው፤ እንደ ኔጌቲቭ መመዝገብ የለበትም።) በድጋሚውም ስላይዱ በባክቴሪያ ተሞልቶ ጂንኤክስፐርቱ ኔጌቲቭ ከሆነ፣ መሣሪያው እንዲህ ያለውን ናሙና የሚስተው ከስንት አንዴ በመሆኑ፣ ቲቢ ያልሆነ ማይኮባክቴሪየም በብርቱ ሊጠረጠር ይገባል።

ቀጣዩ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማብቀል ነው። በፈሳሽ ማብቀያ እስከ 42 ቀን፣ በጠጣሩ እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል። የበቀለው ማይኮባክቴሪየም መሆኑ በቀለም ከተረጋገጠ በኋላ ኤምፒቲ64 የተባለውን ፕሮቲን የሚፈልገው ስትሪፕ በ15 ደቂቃ የቲቢን ቤተሰብ ከሌሎቹ ይለያል፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ዝርያው በዘረ መል ምርመራ እንዲታወቅ ወደ ሪፈራል ላቦራቶሪ ይላካል። በመጠየቂያ ቅጹ ላይ «ካልቸር» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የሁለቱ ውጤቶች አለመግባባትና ጥርጣሬው በግልጽ ይጻፍ፤ አለዚያ ላቦራቶሪው «ቲቢ የለም» ብሎ ሊዘጋው ይችላል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ፖዘቲቭ ስላይድን ሁሉ ቲቢ ከማለት የባሰ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ዝርያው ታወቀ ተብሎ ወዲያው መድኃኒት መጀመር። እነዚህ ባክቴሪያዎች ታካሚው አፉን ከተጉመጠመጠበት የቧንቧ ውኃ እንኳ ወደ ናሙናው ሊገቡ ስለሚችሉ፣ የሳንባ በሽታ ነው ለማለት ምልክቱ፣ በኤክስሬይ ወይም በሲቲ የታየው ጉዳትና በተለያየ ጊዜ ከተወሰዱ ቢያንስ ሁለት አክታዎች የበቀለ አንድ ዓይነት ዝርያ አብረው መገኘት አለባቸው። ኤክስሬይ ብቻውን አይለይም፤ ከዘመዶቹ አንዱ የሆነው ማይኮባክቴሪየም ካንሳሲ እንደ ቲቢ ሁሉ የላይኛውን የሳንባ ክፍል ይቦረቡራል።

የቲቢ የቆዳ ምርመራም አያስተማምንም፤ የቢሲጂ ክትባትም ሆነ እነዚህ ዘመዶች ፖዘቲቭ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ ግን የተለየ ነገር ነው። የከብት ቲቢ አምጪ ሆኖ የቲቢው ቤተሰብ አባል በመሆኑ ጂንኤክስፐርቱ «ቲቢ ተገኝቷል» ይላል እንጂ አይለየውም። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ወይም ከከብት ጋር የሚውል ሰው የአንገት እጢው አብጦ ሲመጣ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ቦቪስ በተፈጥሮው ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ፓይራዚናማይድን ስለሚቋቋም መደበኛው የ6 ወር ሕክምና ሊስተካከል ይገባልና።

የመለየቱ ጥቅም በሕክምናው ላይ ጎልቶ ይታያል። ከዘመዶቹ መካከል የማይኮባክቴሪየም አቪየም ወገን የሚያመጣው የሳንባ በሽታ በአዚትሮማይሲን ወይም በክላሪትሮማይሲን፣ በሪፋምፒሲንና በኢታምቡቶል የሚታከም ሲሆን፣ ሕክምናው ካልቸሩ ኔጌቲቭ ከሆነ በኋላ ለ12 ወራት ይቀጥላል፤ ከሰው ወደ ሰው እምብዛም ስለማይተላለፍም ቤተሰቡን ማስጨነቅ አያስፈልግም። የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ አክታው ፖዘቲቭ ሆኖ የቀጠለ ታካሚም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አለበት ከመባሉ በፊት በዚሁ መንገድ ይጣራ። በጠና የታመመ ወይም ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው ግን የካልቸሩን ሳምንታት ያለ ሕክምና መጠበቅ ላይችል ይችላል፤ ሐኪሙ ቲቢን ከጠረጠረ ናሙናውን አስቀድሞ ወስዶ ሕክምናውን ይጀምር፣ ካልቸሩ ሲደርስም ውሳኔውን እንደገና ይመርምር።