በስፕሪንግ ብሬክ ዘመድ ልትጠይቁ ስትነዱ እኛ የሠራነውን ስህተት አትድገሙ

ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበርን፤ ጊዜው ስፕሪንግ ብሬክ፣ ማለትም የማርች አጭር የትምህርት ዕረፍት ነው። ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ ተነስተን ዲሲ፣ ከዚያ ሻርለት፣ ከዚያ አትላንታ ልንወርድ አሰብን። ሦስት ነን፤ ሁለት ሐበሾች እና አንድ የኦሃዮ ልጅ፣ የዶርም ጓደኛችን። መኪናዋ የእናቴ ናት። ለ9 ቀን ሆቴል የከፈልነው የአንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ የቀረውን በዘመድና በጓደኛ ቤት አደርን። ብር ተረፈን። ጊዜ ግን አልበቃንም፣ ሰውም አስቀየምን። ታናሽ እህቴ በተራዋ ልትነዳ ስትነሳ ቁጭ አድርጌ የነገርኳት ይኼንን ነው።

ሰዓቱን በጂፒኤስ መቁጠር

ከኮለምበስ ዲሲ 400 ማይል ገደማ ነው። ብዙ ካልቆማችሁ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። ከዲሲ አትላንታ ደግሞ ወደ 640 ማይል፣ ቢያንስ 10 ሰዓት። ይኼን ደመርንና በየከተማው የምንጠይቀውን ሰው ደረደርን። ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት፣ 45 ደቂቃ። እዚያው ዲሲ አጠገብ አሌክሳንድሪያ የአባቴ ጓደኛ ቤት፣ 30 ደቂቃ።

30 ደቂቃ! ሐበሻ ቤት!

አሌክሳንድሪያ ስንደርስ ቡናው ገና አልታጠበም። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ጭሱ በየተራ አፍንጫችን ሥር ዞሮ፣ ተወቅጦ አቦል እስኪቀዳ አንድ ሰዓት ሄደ። መሀል ላይ ምግብ ቀረበ። ቶና ላይ ሰዓቴን ሳይ የቤቱ እመቤት አየችኝ። «በረካውን ሳትጠጡማ አትወጡም» አለች፣ አለቀ። በሩ ላይ ቆመን ደግሞ ሌላ 20 ደቂቃ አወራን። መኪና ውስጥ ስንገባ እዚያ ቤት ከደረስን 3 ሰዓት ተኩል አልፏል። ያን ቀን ጆርጅታውን የቀጠረን ጓደኛችን ደውሎ ደውሎ ተወን።

ስለዚህ አንድ ቤት 3 ሰዓት ብላችሁ ያዙ። በቀን ከሁለት ቤት በላይ አትቅጠሩ። መንገዱ ላይ የጠፋውን ጊዜ ትንሽ ማካካስ ይቻል ይሆናል፤ ሶፋ ላይ የጠፋው ግን አይመለስም።

«በ2 ሰዓት ድረሱ» ሲሏችሁ ዝም ማለት

ይኼኛው እስካሁን ያሳፍረኛል። አክስቴ ቅዳሜ «በ2 ሰዓት ድረሱልኝ የኔ ጌታ» አለችኝ። እኔ አሜሪካ ያደግኩ ልጅ ነኝ። 2 ሰዓት ማለት ለእኔ ከምሳ በኋላ ነው። ከዘመድ ወደ ጓደኛ ዞረን ፌርፋክስ አንድ ልጅ ቤት አድረን፣ ተኝተን አረፈድን። ስነሳ ስልኬ ላይ 7 ሚስድ ኮል። ሁሉም የእሷ።

ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በፈረንጁ 2 ሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረስን። አክስቴ የሥራ ልብሷን ለብሳ ቁልፏን ይዛ በር ላይ አገኘናት። ተረኛ ናት። ጠረጴዛው ላይ ትሪው በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ጀበናው ቀዝቅዟል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ የሠራችው ነው። «ኧረ ምንም አይደል፣ ብሉና ቆልፋችሁ ሂዱ» ብላ ግንባሬን ስማ ወጣች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ወይም «ጠዋት ነው?» በሉ፣ በቃ።

ሌላም አለ። በማርች ለሁለተኛው እሑድ አጥቢያ ሌሊት ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። የብዙ ኮሌጆች ስፕሪንግ ብሬክ እዚያው ሳምንት ላይ ይወድቃል። አክስታችሁ ቅዳሴ አብራችኋት እንድትሄዱ ከፈለገች አንድ ሰዓት እንቅልፍ እንደተቀነሰባችሁ አስቡና ማታ በጊዜ ተኙ። አዲስ አበባ ያለችው አያታችሁ ጋ የምትደውሉበት ሰዓትም ይቀየራል። ከምሥራቁ ጠረፍ ጋር የነበረው የ8 ሰዓት ልዩነት 7 ይሆናል።

በጾም ኬክ ይዞ መሄድ

ባዶ እጅ ላለመሄድ ብለን ከግሮሰሪ ትልቅ የክሬም ኬክ ገዛን። ማርች አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ እንደሚውል ማን አስታወሰ? 55 ቀን ሙሉ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ኬኩ ደግሞ ሦስቱም ነው። የአሌክሳንድሪያዋ እመቤት አመስግና ተቀበለችን፣ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀመጠችው። ስንወጣም እዚያው ነበር። ፍራፍሬ፣ ያልተፈጨ ቡና ወይም የጾም ዳቦ ውሰዱ። ሙስሊም ዘመድ ጋ ከሆነ የምትሄዱት ረመዳን መቼ እንደሚውል እዩ፤ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደኋላ ይመለሳል። ጾም ከሆነ ለኢፍጣር መድረስ እንጂ እኩለ ቀን ላይ ተርባችሁ በር ማንኳኳት ደስ አይልም።

አብሯችሁ የሚሄደውን ፈረንጅ ጓደኛ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩት። የእኛው ልጅ ሦስት ቀን ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በልቶ «ኢትዮጵያውያን በሙሉ ቪጋን ናችሁ እንዴ?» አለን። ጉርሻውን ግን ወዶት ነበር። ሳይጠራ አፉን ከፍቶ መጠበቅ ጀመረ።

ቨርጂኒያን እንደ ሌላው ስቴት መንዳት

ከዲሲ ሀይዌይ 95ን ይዛችሁ ትወርዳላችሁ፣ ፒተርስበርግ ላይ ወደ ሀይዌይ 85 ትገባላችሁ። ያ ሁሉ ቨርጂኒያ ነው። እዚያ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ ከነዳችሁ፣ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይልና ከዚያ በላይ ካለፋችሁ፣ ነገሩ ተራ ቲኬት አይደለም። የወንጀል ክስ ነው። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ሂሳቡን እዩት፤ ሀይዌዩ 70 በሚልበት ቦታ 86 መንዳት 16 ማይል ብቻ ነው ማለፍ፣ ግን ተከሳሽ ያደርጋችኋል። በቪዛ የምትማሩ ልጆች ይኼንን ሁለት ጊዜ አንብቡት። የፖሊስ ራዳር መኖሩን የሚጠቁም መሣሪያም እዚያ ክልክል ነው። ጓደኛዬ 83 ላይ ተያዘ። ፖሊሱ ወረቀቱን ሲሰጠው «ትንሽ ብትጨምር ኖሮ ወሬያችን ሌላ ነበር» አለው። ከዚያ በኋላ እስከ ኖርዝ ካሮላይና ድረስ እንደ ሽማግሌ ነዳ።

ስልክም በእጅ አትያዙ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ጆርጂያ በሕግ ከልክለዋል።

ዓርብ ከሰዓት ከዲሲ መውጣት

ከዲሲ ፍሬድሪክስበርግ 50 ማይል ገደማ ነው። ዓርብ ከሰዓት ከወጣችሁ ግማሽ ቀናችሁን ይበላዋል። ጎህ ሲቀድ ውጡ። «ቁርስ ሳትበሉ?» የሚለውን ለመከላከል ማታውኑ ተሰናበቱ። ማታ ጠግባችሁ በልታችሁ ሌሊቱን እንነዳለን ማለትን ግን አልመክርም፤ እንጀራ በልቶ መሪ መያዝ እንቅልፍን መጥራት ነው።

ስሙ «ስፕሪንግ» ስለሆነ ክረምቱ አልፏል ማለት

ከኦሃዮ ወደ ዲሲ ስትመጡ በምዕራብ ሜሪላንድ ተራሮች የሚያልፈው ሀይዌይ 68 ማርች ላይም በረዶ ይጥልበታል፤ ጉሙም ወፍራም ነው። ጎማችሁን አሳዩ፣ አንድ ብርድ ልብስም መኪናው ውስጥ ጣል አድርጉ።

ኢንሹራንስ ሳይጠይቁ መሪ መለዋወጥ

የተከራያችሁት መኪና ከሆነ ውሉ ላይ ስሙ የሌለ ሰው አይንዳ። ከ25 ዓመት በታች ከሆናችሁ ደግሞ ተጨማሪ በየቀኑ ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ። የቤተሰብ መኪና ከሆነ ኢንሹራንሱ ጋ ደውላችሁ ጓደኛችሁ ቢነዳ ይሸፈን እንደሆነ ጠይቁ። 10 ደቂቃ ነው።

ለአንዱ ዘመድ ነግሮ ሌላውን በዝምታ ማለፍ

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። ዲሲ ሁለት ቀን ስለባከነብን አንድ ቤት መቀነስ ነበረብን። ሻርለት ያለውን አጎቴን፣ የእናቴን ታላቅ ወንድም፣ ዘለልነው። ሀይዌይ 85 ራሱ በሻርለት በኩል ያልፋል። ቤቱ ከመውጫው 15 ደቂቃ ነው። ግን መግባት ማለት ማደር ነው፣ ማደር ማለት አትላንታ መቅረት ነው። «መምጣታችንን አያውቅም፣ ስንመለስ እንደውላለን» ተባባልንና ሳውዝ ካሮላይና ድንበር ጋ ነዳጅ ልንሞላ አለፍን። እዚያ ነዳጅ ረከስ ይላል። ስንመለስ ደግሞ በ75 በቻታኑጋ በኩል ሄድን፣ ምክንያቱም ያጥራል።

አክስቴ ግን ፎቶአችንን ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለጥፋው ኖሯል። «ነገ አትላንታ ይገባሉ» የሚል ጽፋበታለች። ከሥሩ አጎቴ አንድ መስመር ብቻ መለሰ፦ «መንገድ ይቅናችሁ።»

ካልቻላችሁ ቀድማችሁ ደውሉና በቀጥታ ተናገሩ። «ጋሼ፣ በዚህ ጉዞ አልደርስም፣ በበጋ እመጣለሁ» ማለት ያሳፍራል፣ ግን ያልፋል። አንድ ከተማ ውስጥ ብዙ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጡትን ደውሉና ሁሉም እሳቸው ቤት ይሰብሰብ በሏቸው። ደስ ብሏቸው ነው የሚያሰናዱት።

ትራንኩን ሞልቶ መነሳት

ስትሄዱ ግማሹን ባዶ አድርጉት። ስትመለሱ እያንዳንዱ ቤት የሚያስጭናችሁ አለው። እንጀራ ትኩስ እንዳለ ላስቲክ ውስጥ ካፈናችሁት ይሻግታል፤ ቀዝቅዞ ይታሰር። በርበሬ ሁለት ጊዜ ይታሰር፤ የእኛው ኬንተኪ ላይ ፈንድቶ የኦሃዮው ልጅ እስከ ሲንሲናቲ ሲያስነጥስ ነበር።

ቤት ስንደርስ እናቴ ትራንኩን ከፍታ ፌስታሎቹን አንድ በአንድ አወጣች። ሽሮውን አሸተተችና «የሲልቨር ስፕሪንግ» አለች። የተረፈውን በርበሬ አሸተተችና «የአትላንታ» አለች። ከዚያ ባዶውን ትራንክ ትንሽ አየችው።

«የሻርለቱስ የታለ?» አለችኝ። ግሩፑ ውስጥ እሷም አለች።