ሩጫና ኳስ ከቲቪ ወደ ኮምፒውተር ስትቀዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ በወንዶች 10 ሺህ ሜትር በሪሁ አረጋዊ የብር ሜዳሊያውን የወሰደው በ26 ደቂቃ ከ43.44 ሴኮንድ ነው። ሦስተኛ የወጣው አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር 26:43.46 ገባ። በመካከላቸው ያለው 0.02 ሴኮንድ ብቻ ነው። ያንን ውድድር ቤቱ የቀዳ ሰው መስመሩ ላይ ምስሉን ቢያቆመው ማን እንደቀደመ ይታየዋል? የአንዳንዱ ይታያል፣ የአብዛኛው አይታይም። ልዩነቱን የሚያመጣው ውድድሩ ሳይጀመር የተመረጠው ሴቲንግ ነው።

ስለ ቀረጻ የሚሰጠው ምክር በብዛት ትምህርት ወይም ቃለ መጠይቅ ለሚቀዳ ሰው የሚሆን ነው። እዚያ ምስሉ ብዙም አይንቀሳቀስም። ስፖርት ላይ ግን መጀመሪያ ማዳን ያለባችሁ እንቅስቃሴውን ነው፤ የምስሉ ስፋት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በሴኮንድ 25 ወይም 30 ምስል መቅዳት

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በእኛ አገር ሪሲቨሩ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው 1080አይ የሚባለውን ምስል ነው። እያንዳንዱ ምስል በሁለት ግማሽ ተከፍሎ ይመጣል። በአንዱ ግማሽ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ የሚሄደው መስመር አለ፤ በሌላው 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ የሚሄደው። ሁለቱ ግማሾች የአንድ ቅጽበት አይደሉም። በመካከላቸው የሴኮንድ 1/50ኛ አለ። ስለዚህ ሙሉው ምስል 25 ቢሆንም ውስጡ 50 የተለያዩ ቅጽበቶች አሉ።

25 አድርጋችሁ ስትቀዱ ወይ ግማሹ ይጣላል፣ ወይ ሁለቱ ቅጽበቶች አንድ ላይ ይለጠፋሉ። ሲለጠፉ የሯጩ እግር ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል።

የመጨረሻውን 400 ሜትር በ53 ሴኮንድ የሚሮጥ አትሌት በሴኮንድ ሰባት ሜትር ተኩል ይሄዳል። ቀረጻችሁ 25 ከሆነ ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ 30 ሴንቲ ሜትር ተጉዟል። 50 ከሆነ 15 ሴንቲ ሜትር። ሲድኒ ላይ በ2000 ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሴኮንድ ነበር። ያ ልዩነት በ25 ሁለት ምስል ነው፣ በ50 አራት። ደጋግሞ ማየት ለሚወድ ሰው እነዚያ ሁለት ተጨማሪ ምስሎች ብዙ ዋጋ አላቸው።

ኦቢኤስ የሚባለውን የቀረጻ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ (ነጻ ስለሆነና ስለሚበቃ እኔም የምመክረው እሱን ነው) በቪዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ኤፍፒኤሱን፣ ማለትም በሴኮንድ የሚቀዳውን የምስል ብዛት፣ 50 አድርጉት። ከዝርዝሩ ካጣችሁት ቁጥሩን በእጅ መጻፍ ይቻላል። ከዚያ ምንጩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲኢንተርሌሲንግ (ግማሾቹን ወደ ሙሉ ምስል የሚቀይረው) ውስጥ ያዲፍ 2ኤክስ የሚለውን ምረጡ። ያለ 2ኤክስ ያለው ያዲፍ 25 ምስል ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ተጫዋቹ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ ወደኋላ እያለ የሚንቀጠቀጥ ከመሰላችሁ የግማሾቹ ቅደም ተከተል ተገልብጧል ማለት ነው። እዚያው ሜኑ ላይ ማስተካከል ይቻላል።

የቀረጻ ካርዳችሁ (የሪሲቨሩን ምስል ተቀብሎ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባው ዕቃ) 1080አይ አልቀበልም ካለ ሪሲቨሩን 720ፒ ላይ አድርጉት። በሴኮንድ 50 ሙሉ ምስል ይሰጣችኋል። ለስፖርት 720 በ50፣ 1080 በ25ን እጅግ ያስከነዳል። ይሄን ሳላመነታ ነው የምለው።

«60 ከ50 ይበልጣል» ማለት

ምንጩ 50 ሆኖ እናንተ 60 ካደረጋችሁት በየሴኮንዱ አሥር ምስል ይደገማል። ካሜራው ክንፍ ተጫዋቹን ተከትሎ ሲዞር ሜዳው ይንገጫገጫል። የምንጩን ቁጥር ተከተሉ። አሜሪካ ላላችሁ ምንጩ 59.94 ስለሆነ ኦቢኤስም ላይ 59.94ን ምረጡ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማመን

ርካሾቹ የዩኤስቢ ቀረጻ ካርዶች ካርቶናቸው ላይ «4ኬ» ይላል። ብዙውን ጊዜ 4ኬው የሚገባው ሲግናል ነው፤ የሚቀዳው አይደለም። ዩኤስቢ 2.0 በሴኮንድ ቢበዛ 480 ሜጋቢት ነው የሚያሳልፈው። ያልታመቀ (መጠኑ ያልተቀነሰ) 1080 በ60 ወደ 2 ጊጋቢት ይፈልጋል። ስለዚህ ካርዱ ወይ ምስሉን ራሱ ያምቀዋል፣ ወይ ወደ 30 ያወርደዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ዩኤስቢ 3 መሆኑን አጣሩ፤ ላፕቶፑ ላይም ዩኤስቢ 3 የሆነውን ቀዳዳ ተጠቀሙ።

እጃችሁ ላይ ያለውን ካርድ ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። የዜና ጣቢያ ክፈቱና ከስር የሚሮጠውን ጽሑፍ ለግማሽ ደቂቃ ቅዱ። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈቱትና አቁሙት። ከዚያ «ኢ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል እየተጫናችሁ አንድ በአንድ አሳልፉ። በእያንዳንዱ ጭነት ጽሑፉ ትንሽ ከተገፋ ሃምሳውም ምስል አለ። አንዴ ተገፍቶ አንዴ ባለበት ከቆመ ካርዱ ግማሹን እየጣለ ነው። ይሄን ፈተና ከትልቅ ጨዋታ በፊት ሁልጊዜ አድርጉት።

ቢትሬት ላይ መሰሰት

ቢትሬት ማለት ለእያንዳንዱ ሴኮንድ ቪዲዮ የሚመደበው የዳታ መጠን ነው። 2,500 ኪሎቢት ለወሬ ፕሮግራም ይበቃ ይሆናል። ኳስ ላይ ግን ካሜራው ሲዞር እያንዳንዱ ሳርና እያንዳንዱ ተመልካች ቦታ ይቀይራል። ማመቂያው ካለፈው ምስል የሚበደረው ነገር ያጣል። ሳሩ አረንጓዴ ገንፎ የሚሆነውና ኳሱ አየር ላይ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ቋሚ ቁጥር ከምትሰጡት በጥራት የሚመራውን ሲኪውፒ ወይም ሲአርኤፍ ምረጡና ከ18 እስከ 22 ባለው ውስጥ አድርጉት። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል። የግድ ቋሚ ይሁን ካላችሁ ለ720 በ50 ከ8 ሺህ እስከ 12 ሺህ፣ ለ1080 በ50 ከ15 ሺህ እስከ 20 ሺህ ኪሎቢት ስጡት። 20 ሺህ በሰዓት 9 ጊጋባይት ነው፤ ዲስኩ ላይ ቦታ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ላፕቶፑ ያረጀ ከሆነ ማመቁን ለፕሮሰሰሩ አትተዉለት። ለማመቅ ብቻ የተሠራ ክፍል፣ የኢንቴል ኩዊክ ሲንክ ወይም የኤንቪዲያ ኤንቬንክ፣ ካለው እሱን ምረጡ። ድምፁን ደግሞ በሁሉም ቦታ 48 ኪሎኸርዝ አድርጉት። አንዱ 44.1 ሌላው 48 ሲሆን ፉጨቱና ምስሉ ሊለያዩ ይችላሉ።

በቀጥታ ኤምፒ4 መቅዳት

መብራት በሚሄድበት አገር ይሄ ከባድ ስህተት ነው። የተለመደው ኤምፒ4 ፋይል የሚዘጋው ቀረጻው በሥርዓት ሲቆም ነው። 88ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ከሄደ ያለፈው 87 ደቂቃም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ኤምኬቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት ከቀዳችሁ ግን እስከዚያ የተቀዳው ይተርፋል። ኤምፒ4 የግድ ካስፈለጋችሁ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ኦቢኤስ ውስጥ ፋይል ከሚለው ስር ሪመክስ አለ። ጥራቱን ሳይነካ ይቀይርላችኋል፤ ጊዜም አይወስድም።

ላፕቶፕ ባትሪ አለው ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ሪሲቨሩ ባትሪ የለውም። ላፕቶፑ በጨለማ ውስጥ ጥቁር ምስል ሲቀዳ ያመሻል። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ካላችሁ ሪሲቨሩን እሱ ላይ ሰኩት። ዲሹ ላይ ያለው ኤልኤንቢ (ሲግናሉን የሚቀበለው ራስ) ኃይል የሚያገኘው ከሪሲቨሩ በኬብሉ በኩል ስለሆነ ሌላ ነገር አይፈልግም። ቲቪውም ቢጠፋ ቀረጻው ይቀጥላል።

ፋት32 የሆነ ዲስክ

ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ዲስክ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይዝም። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። ፎርማት ሲደረግ ያለው ነገር ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ገልብጡ።

ጥቁር ምስል ሲመጣ ካርዱ ተበላሸ ማለት

የክፍያ ቻናሎች ዲኮደሮች በኤችዲኤምአይ የሚያወጡት ምስል ኤችዲሲፒ በሚባል መከላከያ ሊቆለፍ ይችላል። ካርዱ ደህና ሆኖ ስክሪኑ ጥቁር የሚሆነው በዚህ ነው። ቁልፉን የሚሰብር መሣሪያ ፍለጋ አትሂዱ። ራሱ የሚቀዳ ዲኮደር ካለው ድርጅት እሱን መውሰድ ይሻላል። የቀዳችሁትንም ቤት ውስጥ እዩት፤ ዩቲዩብ ወይም ቴሌግራም ላይ መልቀቅ የባለመብቱን ንብረት መውሰድ ነው።

በነጻ ለሚተላለፉት፣ ለምሳሌ ኢትዮሳት ላይ ላሉት፣ የተሻለ መንገድ አለ። ብዙ ሪሲቨሮች የዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው። ዲስክ ሰክታችሁ እዚያው ብትቀዱ ከሳተላይት የመጣው ምስል ሳይነካ እንዳለ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ ላይ በኋላ የምትፈልጉትን ቆርጣችሁ ማውጣት ነው። ከየትኛውም የኤችዲኤምአይ ካርድ ይበልጣል፤ ብዙ ሰው ግን ቀዳዳውን አያስታውሰውም።

ሰዓቱን መሳት

ታስክ ስኬጁለር (በተባለው ሰዓት ፕሮግራም የሚያስነሳው የዊንዶውስ መሣሪያ) ላይ ምሽት 12 ሰዓት ለማለት 12:00 ፒኤም የሚሞላ ሰው አለ። ኮምፒውተሩ ቀን 6 ሰዓት ላይ ይነሳል። መግባት ያለበት 18:00 ነው።

አውሮፓ ሰዓቱን በመጋቢትና በጥቅምት ይቀይራል፣ እኛ አንቀይርም። ለንደን ላይ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በክረምታቸው እኛ ጋ ምሽት 12 ሰዓት ነው፣ በበጋቸው 11 ሰዓት። ባለፈው ሳምንት የሠራው ሰዓት በዚህ ሳምንት ላይሠራ ይችላል።

ማቆሚያውም ላይ ለጋስ ሁኑ። በኳታር የዓለም ዋንጫ እንግሊዝና ኢራን ሲጫወቱ ለመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 14 ደቂቃ ተጨምሯል። ለሊግ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ተኩል ስጡት። ለጥሎ ማለፍ፣ ጭማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት ስላለ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ። ኦቢኤስ ውስጥ ቱልስ ከሚለው ስር ያለው አውትፑት ታይመር ያ የሰጣችሁት ጊዜ ሲሞላ ያቆምላችኋል። ኮምፒውተሩ በመሃል እንዳይተኛ ስሊፑን አጥፉ፣ የዊንዶውስ አፕዴቱንም ለዚያ ቀን አዘግዩት።