ቁልፉ ማን ጋ ነው? የትምህርት ቤታችሁን ላይብረሪ ከመጋዘንነት ለማውጣት

መጀመሪያ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። ስቀልድ አይደለም። «ንብረት ክፍል ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ዛሬ ወረዳ ሄዷል» ከተባላችሁ፣ በሩ ላይ «ቤተ መጻሕፍት» ተብሎ ቢጻፍም ያላችሁ መጋዘን ነው።

እኔ ማስተማር የጀመርኩበት ትምህርት ቤት እንደዚያ ነበር። አንድ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን፣ ውስጡ ሦስት መቶ የሚጠጋ መጽሐፍ፣ በሩ ላይ ጓጉንቸር። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው የሽፋን ሥዕል ያያሉ። አንዷ የሦስተኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ስንት ብር ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሱቅ መስሏት ነው። በንብረት ክፍሉ ሰውዬ ግን አልፈርድም። መጽሐፍ በጠፋ ቁጥር ከደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው ለስምንት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ያውሳል ማለት ዘበት ነው። እኔም ብሆን እቆልፍ ነበር።

ስለዚህ ሥራው ከወረቀት ይጀምራል። ርዕሰ መምህሩን፣ የንብረት ኃላፊውንና የወላጅ መምህር ኅብረቱን አንድ ላይ አስቀምጡና በቃለ ጉባኤ አስይዙ። መዝገበ ቃላትና ማጣቀሻ ቋሚ ንብረት ሆኖ ይቀመጥ። የተረትና የማንበቢያ መጻሕፍት ግን፣ በተለይ በእርዳታ የመጡት፣ እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ተብለው በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጹ፣ ወጪ እንዲደረጉ ጠይቁ። በዓመት ከመቶው አሥሩ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ ማንም እንደማይከፍል ይጻፍ፣ ይፈረም፣ ማኅተም ይመታበት። ወር ቢፈጅባችሁም እዚህች ላይ አትቸኩሉ። ያለዚህች ወረቀት የምትሠሩት ሁሉ ኃላፊው በተቀየረ ማግስት ተመልሶ ይቆለፋል።

ቀጥሎ ማጽዳት ነው። የእርዳታ ካርቶን ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። የአሜሪካ የግብር ሕግ፣ የዊንዶውስ 95 መማሪያ፣ አንድ ቅጽ ብቻ የመጣ ኢንሳይክሎፒዲያ። መደርደሪያው ሙሉ እንዲመስል ብላችሁ አታስቀምጡት። አምስት ስድስት ልጆች ጠርታችሁ ደስ ያላቸውን እንዲያነሱ ንገሯቸው፤ እጃቸው የት እንደሚሄድ ዝም ብላችሁ እዩ። ማንም የማይነካውን በኮሚቴ አስወግዱ። ሠላሳ መጽሐፍ ብቻ ቢተርፋችሁም ለመጀመር ይበቃል።

አደራደር ላይ የእኔን ስሕተት አትድገሙ። አንድ ክረምት ሙሉ መጻሕፍቱን በዲዊ አሠራር ቁጥር ስሰጥና ስለጥፍ ከረምኩ፤ ያ ሜልቪል ዲዊ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው፣ ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 የሚከፋፍለው ነው። ተረት 398 ላይ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ 900ዎቹ ውስጥ። በጣም ኮርቼበት ነበር። መስከረም ላይ ልጆቹ መጡ፣ የመጻሕፍቱን ጀርባ አዩ፣ ቁጥር ብቻ አገኙ፣ ወጡ። ለሁለተኛ ደረጃ ቁጥሩ ይጠቅማል፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡም አይደናገሩም። ለታናናሾቹ ግን ባለ ቀለም ፕላስተር በቂ ነው። አረንጓዴ ፊደል ገና ለለየ፣ ቢጫ አንቀጽ ለሚያነብ፣ ቀይ ብቻውን ለሚዘልቅ። ባንዲራችን ስለሆነ ቅደም ተከተሉ አይጠፋቸውም።

መጽሐፉ ደግሞ ፊቱን ወደ ልጁ ያዙር። ግድግዳው ላይ ከምስማር ምስማር ሲባጎ ወጥሩና ቀጫጭኖቹን እንደ ልብስ አስጡ። ልጅ የሚመርጠው በሽፋን ነው፣ እኛም ብንሆን ያው ነን። ለአመራረጥ አምስት ጣት የሚባለውን ዘዴ አስተምሯቸው፦ አንድ ገጽ ያነባል፣ ባልገባው ቃል ልክ አንድ አንድ ጣት ያጥፋል፣ አምስቱም ከታጠፉ ያኛው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆየው። እነ ቋና ጓ ላይ ለሚደናቀፍ ጀማሪ ሦስት ጣትም ይበዛበታል።

ጊዜውስ? በእረፍት ሰዓት ይምጡ ካላችሁ የሚመጡት የማይጫወቱት ብቻ ናቸው። ፕሮግራም ላይ አስገቡት፣ ለእያንዳንዱ ሴክሽን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ። በፈረቃ የሚማሩ ከሆነ ደግሞ የጧቱ ሲወጣና የከሰዓቱ ሲገባ ያለችውን ሰዓት ያዟት፤ ቀድመው መጥተው አጥር ሥር የሚቆሙት ልጆች የእናንተ ናቸው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ከጃፓን ተዋሱ። እ.ኤ.አ. በ1988 ቺባ ግዛት ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የተጀመረ ልማድ አላቸው፦ ጧት ትምህርት ሳይጀመር አሥር ደቂቃ ማንበብ። ደንቡ አራት ነው። ሁሉም ያነባል፣ መምህሩን ጨምሮ። በየቀኑ ነው። የወደዱትን መጽሐፍ ነው። ሌላ ምንም አይጠየቅም። እኛ አገር የሚያስቸግረው አራተኛው ነው። ልጁ አንድ ገጽ ሲጨርስ «በል ዋናው ሐሳቡ ምንድነው?» ማለት እንወዳለን። ተዉት። ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ክፍል ገብታችሁ አሥር ደቂቃ አብራችሁ አንብቡ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ፣ ያዩዋችኋል።

ለታናናሾቹ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። «ተረት ተረት» በሉ፣ «የላም በረት» ይሏችኋል፣ ከዚያ መጽሐፉን ክፈቱ። ተረቱ ውስጥ ጅቡ በሩን ሲገፋ፣ ደወል ባይደወልም እናንተው አቁሙ። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ውጡ። ቀሪውን ለማወቅ የሚያደርጉት ሽሚያ እኔ ካየሁት ማስታወቂያ ሁሉ ይበልጣል። ሚኒ ሚዲያው ካለ ደግሞ አንድ ልጅ በየሳምንቱ የወደደውን መጽሐፍ ግማሽ ድረስ ያውራ።

ላይብረሪው የአማርኛ መምህሩ ብቻ እንዳይሆን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መግለጫ የላይብረሪ ባለሙያውና መምህራኑ አብረው ሲሠሩ የተማሪው ንባብም ትምህርትም እንደሚሻሻል ይላል፤ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እነሆ። የጂኦግራፊ መምህሩ «ዓባይ ርዝመቱ ስንት ነው?» ብሎ ይላካቸው። አንዱ መጽሐፍ 1,450 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ሌላው 1,600። ልጆቹ ተናደው ይመለሳሉ፣ «የቱ ነው ልክ?» ይላሉ። መምህሩ ወዲያው መልስ አይስጥ። ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ከየት ጀምሮ ለካው ብለው ይፈልጉ። ጎግል ላይ የመጀመሪያውን መልስ ገልብጦ ከመምጣት ይህች አንዲት ክፍለ ጊዜ ትበልጣለች።

የመጽሐፍ እጥረት እውነተኛ ነው፣ በተለይ የአማርኛ። ኢትዮጵያዊው የላይብረሪ ባለሙያ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ላይብረሪ ውስጥ ሲሠራ የገጠመው ይኸው ነበር፤ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ ማግኘት አልቻለም። ከዚያ ድርጅት አቋቁሞ መጻሕፍት አሳተመ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፣ ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ላይብረሪ ጀመረ። ኮሎምቢያ ውስጥም ሉዊስ ሶሪያኖ የሚባል መምህር አልፋና ቤቶ በሚባሉ ሁለት አህዮች መጽሐፍ ጭኖ ገጠር ለገጠር ይዞራል። አህያ ግዙ እያልኩ አይደለም። አንድ ካርቶን ይዞ ከክፍል ክፍል የሚዞር የስምንተኛ ክፍል ልጅ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ለጊዜው እናንተ ማድረግ የምትችሉት፦ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የአማርኛ ተረቶች በነፃ አሉ፤ ማተምም ማባዛትም ይፈቀዳል። ኤፎር ወረቀት መሐል ለመሐል አጥፉ፣ ጀርባውን በመርፌና በክር ስፉ፣ ሽፋኑን ከካርቶን ሥሩ። ሌላው ምንጭ ቤት ውስጥ ያሉት አያቶች ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ ከአያቱ አንድ ተረት ይዞ ይምጣ፣ ይጻፈው፣ ይሣለው። የአርባ ልጆች ክፍል አርባ መጽሐፍ ማለት ነው፤ ደግሞ ማንም ከሌላ ልጅ እጅ የወጣን መጽሐፍ ሳያነብ አያልፍም።

ውሰት ላይ ብዙ አትራቀቁ። አንድ ደብተር፦ ስም፣ ክፍል፣ የመጽሐፉ ቁጥር፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን። በየሳምንቱ የሚቀያየሩ ሁለት ተማሪዎች ይያዙት። መጽሐፍ የጠፋበትን ልጅ ወላጅ አምጣ አትበሉት፣ ሁለተኛ አይመጣም። በምትኩ አንድ ተረት ጽፎ ያምጣ፣ ተሰፍቶ ሲባጎው ላይ ይሰቀል። መቀጫ ብር ግን በፍጹም፤ ድሃው ልጅ ነው የሚቀርባችሁ። ረባሽ ልጅንም «ሂድ ላይብረሪ ተቀመጥ» ብላችሁ አትቅጡ።

ሰኔ ላይ ቆጠራ ስታደርጉ ደብተሩንና መጻሕፍቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የእኔ ክፍል ውስጥ አንድ የጦጣ ተረት ነበር፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ፣ ገጽ ስድስት ላይ የሽሮ ወጥ ያረፈበት። ደብተሩ ላይ ሃያ ሦስት ጊዜ ወጥቷል። እሱን ለመጠገን ብላችሁ አትልፉ፣ በቀጥታ ሁለት ቅጂ አሠሩለት። ዓመቱን ሙሉ እንደ አዲስ የቆዩትን ደግሞ ከመደርደሪያው አውርዱና መስከረም ላይ ሌላ ክፍል ወስዳችሁ ሞክሯቸው።