ኖድ እምቢ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

እዚህ ሀዋሳ ላፕቶፑን ታቅፎ "ኖድ ጄኤስ (የጃቫስክሪፕት ኮድ ማስኬጃው) እምቢ አለኝ" የሚለኝ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ አጥፍቶ እንደገና ጭኖታል። ዳታውም በዚያው አልቋል። ኖድ ራሱ እኮ እምብዛም አይበላሽም፤ የሚበላሸው ዙሪያው ነው። ስለዚህ ከማጥፋታችሁ በፊት ጥቁሩ መስኮት (ተርሚናሉ) ላይ የወጣውን ጽሑፍ አንብቡት።

ጭኛለሁ፣ ተርሚናሉ ግን "ኖድ የሚባል ትዕዛዝ አላውቅም" ይላል

መንስኤው ፓዝ ነው፤ ዊንዶውስ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር። ተርሚናሉ ዝርዝሩን የሚያነበው ሲከፈት ስለሆነ ዝጉትና እንደገና ክፈቱት። ኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ ውስጥ ከሆናችሁ ቪኤስ ኮድን ራሱን ዝጉ። አሁንም እምቢ ካለ፣ ፕሮግራም ፋይልስ ስር ያለው የኖድ ፎልደር ፓዝ ውስጥ መግባቱን እዩ። ከሌለ ጨምሩት።

ኖድ ይሰራል፣ ኤንፒኤም ግን በቀይ ጽሑፍ "ስክሪፕት ማስኬድ ተከልክሏል" ይላል

ኤንፒኤም ከኖድ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ፓኬጅ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) የሚያወርድ ፕሮግራም ነው። ይህን ካለ ፓወርሼል የሚባለው የዊንዶውስ ተርሚናል ላይ ናችሁ ማለት ነው። ብልሽት ሳይሆን የዊንዶውስ ጥንቃቄ ነው። ሌላውን የዊንዶውስ ተርሚናል፣ ሲኤምዲን፣ ከፍታችሁ ስሩ፣ አለቀ። ፓወርሼል የግድ ካስፈለገ የኤክስኪውሽን ፖሊሲውን (የትኛው ስክሪፕት ይሂድ የሚለውን ደንብ) ለራሳችሁ አካውንት ብቻ "ሪሞት ሳይንድ" አድርጉት።

ኢንተርኔት አለ፣ ኤንፒኤም ግን "ሰርተፍኬቱ ገና አልጸናም" እያለ ያማርራል

ይቺን ረጋ ብለን እንያት፤ ማንም አይጠረጥራትም። ኤንፒኤም ፓኬጅ የሚያወርደው በተመሰጠረ መስመር ነው። የመስመሩ ሰርተፍኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የኮምፒውተራችሁ ቀን ድሮ ላይ ከቆመ፣ ደህናው ሰርተፍኬት ገና ያልተወለደ ይመስለዋል። ብሮውዘሩም ብዙ ድረ ገጽ አልከፍት ካለ ጥርጣሬው ልክ ነው፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን እዩ።

አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። በአብዛኛው ሲአር 2032 የምትባለው፣ 3 ቮልቷ ናት፤ ቀይሯት። ሌላው መንስኤ የኛው ጉድ ነው፦ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት። ኮምፒውተሩ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። በፈረንጆቹ ሙሉት፣ ታይም ዞኑንም ናይሮቢ የሚለው ላይ አድርጉት፤ የኛም ሰዓት እሱ ነው። "የሰርተፍኬት ማረጋገጫውን አጥፋው" የሚል ምክር ከሰማችሁ እለፉት። በሩ አልከፈት ስላለ መቆለፊያውን መንቀል ነው።

ፓኬጅ እየወረደ መብራት ሄደ፤ አሁን "ሞጁሉ አልተገኘም" ይላል

ፓኬጆቹ የሚቀመጡበት ኖድ ሞጁልስ ፎልደር ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። እሱን ሰርዙትና ኤንፒኤም ኢንስቶልን ድገሙ። ፓኬጅ ሎክ የሚለውን ፋይል ግን አትንኩት፤ የትኛው ቨርዥን እንደነበረ የሚያውቀው እሱ ነው። ዳታችሁ ሙሉ በሙሉ ባከነ ማለት አይደለም፤ ወርደው ያለቁት ካሽ (የኤንፒኤም ማጠራቀሚያ) ውስጥ አሉ። "ፕሪፈር ኦፍላይን" የሚለውን አማራጭ ከጨመራችሁ ኤንፒኤም መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው። "ኢንቴግሪቲ" የሚል ስህተት ከመጣ "ኤንፒኤም ካሽ ቬሪፋይ" ብላችሁ አጽዱት።

ኡቡንቱ ላይ "ፈቃድ የለህም" ሲል

ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬጃውን ትዕዛዝ) አትጨምሩ። የኖድ ቨርዥን መቀያየሪያውን ኤንቪኤምን ጫኑና ኖድን በእሱ በኩል አስገቡ። ኡቡንቱ 22.04 በራሱ የሚሰጣችሁ ኖድ 12ን ነው፤ ለዛሬ ፕሮጀክት አይሆንም።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ ከኖድ 13.14 በላይ አትልፉም፤ አዲሱን ደጋግሞ ማውረድ ትርፉ ዳታ መጨረስ ነው።

ቨርዥን ስትመርጡ ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር ያለውንና "ኤልቲኤስ" (ረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው) የሚል የተጻፈበትን ውሰዱ። የኖድ 18 ድጋፍ በፈረንጆች ኤፕሪል 2025 አብቅቷል፤ አሁንም እሱ ላይ ካላችሁ ቀይሩ። የዊንዶውሱ ፋይል 30 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንዱ ያውርድና ሌላው በፍላሽ ይውሰድ፤ ፍላሹን ግን መጀመሪያ ስካን አድርጉት። ከቀየራችሁ በኋላ የድሮ ፕሮጀክት ካስቸገረ፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ "ኤንፒኤም ሪቢልድ" ብላችሁ ትዕዛዝ ስጡ።